ጀርባዬን በረደኝ፦ በብርድ ወራት ሀሞክ ላይ ስለማደር የተነሳ ውይይት

ጥያቄው አጭር ነበር። ቨርጂኒያ የሚኖር አንድ ልጅ ኅዳር ላይ ሸናንዶዋ ተራራ ወጥቶ ሀሞክ (በሁለት ዛፎች መሃል የሚሰቀል የጨርቅ መኝታ) ሰቅሎ አደረ። ስሊፒንግ ባጉ (ውስጡ ገብተው የሚተኙበት ላባ የተሞላ ከረጢት) እስከ 20 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች እስከ 7 ሴንቲግሬድ ይችላል ተብሎ የተሸጠለት ነው። የዚያ ሌሊት ብርድ ከዜሮ ብዙም አልወረደም። ግን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ጀርባው፣ ወገቡና መቀመጫው ደነዘዘ። ደረቱን እየሞቀው ጀርባውን አንዘፈዘፈው። መጨረሻ ላይ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቶ አነጋው። አሁን ከዚህ የወፈረ ስሊፒንግ ባግ ልግዛ ወይስ ሀሞኩን ትቼ ወደ ድንኳን ልመለስ ብሎ ጠየቀ።

ክሩን፣ ማለትም ከጥያቄው ስር በተከታታይ የተጻፉትን መልሶች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ። ጥሩ ምክርም፣ ሰው የሚገድል ምክርም አለበት። ሁለቱ ተደባልቀው መቅረት የለባቸውም ብዬ ስለማምን መልሶቹን በየተራቸው እነግራችኋለሁ።

1ኛው መልስ ሰጪ በትህትና ጀመረ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው አለው። ሰውን የሚያሞቀው ላባው ራሱ ሳይሆን በላባው መሃል ታፍኖ የተቀመጠው አየር ነው። ስትተኛበት ከጀርባህ ስር ያለው ላባ ይጨፈለቃል፣ አየሩም ይወጣል። ከዚያ በኋላ ገላህንና ብርዱን የሚለየው ስስ ናይለን ብቻ ነው። ባጉን በሌላ ወፍራም ብትቀይረው የሚጨፈለቀው ላባ ይበዛል እንጂ ለጀርባህ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

2ኛዋ ሐሳቡን ደግፋ፣ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ጨመረችበት። ባጉ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የሚለካው የሰው ቅርጽ ያለው አሻንጉሊት ባጉ ውስጥ ተከቶ፣ ከስሩም ምንጣፍ ተነጥፎለት ነው። ምንጣፉ ከሌለ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ሻጩ አልዋሸም፣ ባጉም አልተበላሸም። የጎደለው የስሩ ነገር ነው።

3ኛው ዲሲና አካባቢው ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነው። እዚያ መኪና የሚነዳ ሁሉ የሚያውቀውን የመንገድ ምልክት አስታወሰን፤ ድልድይ ከመንገዱ ቀድሞ በረዶ ይይዛል የሚለውን። መንገዱን ከስር መሬት ይዞታል። ድልድዩን ግን ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ሀሞክም ድልድይ ነው አለ። ነገሩን በዚህ መጠን አሳጥሮ ያስረዳኝ ሰው አልገጠመኝም።

4ኛው መልስ የአንድ አባት ነው። መንዝ ተወልደው ማደጋቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይህ ሁሉ ላባ ምን ያደርጋል፣ ጋቢ አጥፎ ማንጠፍ ይበቃል አሉ። ከዚያ ስለ ጓሳ መተረክ ጀመሩ። ጓሳ ከባሕር ወለል ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውርጭ ይጥላል። እረኛው የበግ ጠጉር ባና ተጠቅልሎ፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከሣር የተሠራ ገሳ ደርቦ ይውላል። እሳቸውም በልጅነታቸው ባና ለብሰው ሜዳ ላይ ሲያድሩ ብርድ አያውቁም ነበር።

5ኛው ጋሼ ብሎ ጀምሮ በአክብሮት አረማቸው። ጋቢና ባና አንድ አይደሉም አለ። ጋቢ ጥጥ ነው። ድርብ ቢሆንም ሲተኙበት ይጨፈለቃል። ላቡንና ጤዛውን ይመጥጣል፣ አይለቅም፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ማቀዝቀዝ ይጀምራል። የበግ ጠጉር ግን ረጥቦም ቢሆን ከሙቀቱ የተወሰነውን ይይዛል፤ ሸካራ ስለሆነም እንደ ላባ ቶሎ አይተኛም። ያለው ሰው ባናውን ከስር ቢያነጥፍ ይጠቅመዋል። ችግሩ ክብደቱ ነው፤ ሽቅብ ተሸክሞት የሚወጣ ሰው አይመርጠውም።

6ኛው መልስ የእኚሁ አባት ነው። እርማቱን ተቀብለው መረቁት። እንዲህ ያለ መከባበር በክሩ ሙሉ ቢዘልቅ ደስ ይለኝ ነበር።

7ኛው አንደርኩልት የሚባለውን ዕቃ አመጣ። ይህ ከሀሞኩ ውጭ፣ ከስር የሚንጠለጠል ብርድ ልብስ ነው። ሁለት ጫፉ በሚለጠጥ ገመድ ከሀሞኩ ጫፎች ጋር ይያያዛል። ሰው ስለማይተኛበት ላባው እንደተነፋ ያድራል። ለሀሞክ ተብሎ የታሰበ መፍትሔ ይህ ነው። የላባው ቀላል ነው፣ ታጥፎም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ ከረጠበ ግን ይሟሽሻል። ሲንተቲኩ (በላባ ፈንታ ሰው ሠራሽ ሙሌት ያለው) ይከብዳል፣ ግን ዋጋው ይቀንሳል፣ እርጥበትም ይችላል። ለራሱ የላባውን ከ250 ዶላር በላይ አውጥቶ እንደገዛ ጻፈ።

ነገር የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። 8ኛው በዓመት ሁለት ሌሊት ለማደር 250 ዶላር ማን ያወጣል ብሎ ተነሳ። ወንድሜ የሚለውን ትቶ 7ኛውን ነጋዴ አለው። 9ኛው ላይ 7ኛው ራሱ ተመልሶ ምንም እንደማይሸጥ፣ የሱቅ ስም እንኳ እንዳልጠራ መለሰ። እውነቱን ነው፤ አልጠራም። ሰውን በሌለበት ነገር መወንጀል ነውር ነው። የገንዘቡ ጥያቄ ግን ተገቢ ነው፤ አብዛኛው ሰው ለአንድ ብርድ ልብስ ያን ያህል አይከፍልም።

ለዚህ ጥያቄ በደንብ የመለሰው 10ኛው ነው። ታጣፊ የስፖንጅ ምንጣፍ ይበቃሃል አለ። የዚህ ስፖንጅ አየር በተዘጉ ጥቃቅን ክፍሎች ውስጥ ስለታሸገ ቢተኙበትም አይወጣም። ብርድን የመከላከል አቅሙ አር ቫልዩ በሚባለው ልኬት 2 ገደማ ነው። ሁለት ሲደራረብ ይደመራል፣ ወደ 4 ይደርሳል። ቅዝቃዜው ዜሮ አካባቢ ከሆነ ይህ ጥሩ ነው። ግን ሀሞክ ውስጥ ምንጣፍ ሁለት ጣጣ አለበት። አንደኛ ይሸሻል፤ በተገላበጥክ ቁጥር ወደ ጎን ይሄድና በእንቅልፍህ ስትፈልገው ታድራለህ። ሁለተኛ ሀሞኩ ትከሻህን ከግራና ከቀኝ ስለሚያቅፍ ትከሻህ ከምንጣፉ ውጭ ጨርቁን ነክቶ ይበርደዋል። ለመጀመሪያው ምንጣፉን ስሊፒንግ ባጉ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም ባለ ሁለት ንብርብር ሀሞክ ካለህ በንብርብሮቹ መሃል መክተት ነው። ለሁለተኛው ሌላ የስፖንጅ ቁራጭ ትከሻው ላይ በአግድም ማስቀመጥ ነው።

11ኛዋ የመኪና መስታወት ላይ የሚደረገውን የሚያብረቀርቅ የፀሐይ መከላከያ አንጥፋ ተኝታ ታውቃለች። ሙቀቱ አይከፋም፣ ግን አየር ስለማያሳልፍ ላቧ እዚያው ውሃ ሆኖ ጠዋት ከወገቧ በታች ርሳ ተነሳች። ከስፖንጁ በታች ይሁን እንጂ ለገላ ቅርብ አይሁን ብላ መከረች።

12ኛው ደረቅ ቅጠል ከስር በተንጠለጠለ አንሶላ ውስጥ መጠቅጠቅ ነጻ መፍትሔ ነው አለ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ደረቅ ቅጠል አየር ይይዛል። ነገር ግን ቨርጂኒያ ነው ያለነው። ላይም የሚባለውን በሽታ የሚያስተላልፈው መዥገር በረገፈ ቅጠል ውስጥ ነው የሚኖረው። ያደገው መዥገር ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በላይ እስከሆነ ድረስ በብርድ ወራትም ይንቀሳቀሳል። እኔ አላደርገውም፤ ማንም እንዲያደርገው አልመክርም።

ከዚያ 13ኛው መጣ። ከሀሞኩ በላይ የሚወጠረውን ሸራ እስከ መሬት ዝጋ፣ ከሀሞኩ ስር ማንደጃ ላይ የተቀጣጠለ ከሰል አስቀምጥ፣ እስኪነጋ ይሞቅሃል አለ። ሁለት ሰዎች ይህን መልስ ወደውታል። ይህን ሳይ ደነገጥኩ።

14ኛዋ ነርስ ናት፣ ምንም አላለዘበችለትም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፣ የተኛን ሰው አይቀሰቅስም። አገር ቤት ከሰል ክፍል ውስጥ አስገብተው ተኝተው ስለቀሩ ሰዎች እየሰማን አይደል ያደግነው አለችው። ናይለኑም እሳት ሲነካው ይቀልጣል፤ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ተንጠልጥሎና ባግ ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ሰው ቶሎ መውጣትም አይችልም። በዚያው ጠያቂውንም አልማረችውም። መኪና ውስጥ ሞተር አስነስቶ ማደር የዚሁ አደጋ ወንድም ነው። በተለይ በረዶ ጥሎ የጭስ ማውጫውን ከደፈነው ጋዙ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ሞተሩን አስነስተህ ሞቀህ አጥፋው፤ አስነስተህ አትተኛ አለችው።

15ኛው ላይ ባለከሰሉ ተመልሶ መጣ። ከነ አያቶቻችን ጀምሮ በከሰል ስንሞቅ የኖርን ነን፣ አሜሪካ መጥታችሁ ፈሪ ሆናችሁ አለ። በ16ኛው የመንዙ አባት ገቡና ጸጥ አሰኙት። የአገር ቤት ጎጆ በግድግዳውም በጣራውም አየር ያስገባል፣ እንዲያም ሆኖ ሰው አልቋል አሉ። ልጅቷ ቆጥታ የተናገረችው ለነፍስህ አዝና ነው፣ አመስግናት አሉት። ባለከሰሉ ከዚያ በኋላ አልጻፈም። አንዳንዶች ነርሷን ኃይለ ቃል አበዛሽ ብለዋታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሰው ሕይወት በሚያጠፋ ምክር ላይ ለስለስ ማለት ጨዋነት አይደለም።

ወደ ዋናው ጉዳይ የመለሰችን 17ኛዋ ናት። ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ብቻ አንብብ ብትሉኝ የምመርጠው ይህንን ነው። አንደርኩልት ገዝተው አሁንም በረደን የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ችግራቸው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን አሰቃቀሉ ነው አለች። በአንደርኩልቱና በሀሞኩ መሃል ክፍተት ካለ ቀዝቃዛ አየር እዚያ ይገባል፣ ያሞቅከውን አየር ጠርጎ ይወጣል። በጣም ከጠበቀ ደግሞ ላባው ይጨፈለቃል፤ ያኔ ጀርባህ ስር ካለው ስሊፒንግ ባግ በምንም አይሻልም።

አገጣጠሙን እንዲህ አሳየች። ሀሞኩ ሲሰቀል ገመዱ ከአግድሙ 30 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ከዚያ ገብተህ በሰያፍ ተኛ። ሌላ ሰው ከውጭ እጁን በአንደርኩልቱና በሀሞኩ መሃል ያስገባ፤ መጀመሪያ በትከሻህ፣ ቀጥሎ በወገብህ፣ ከዚያ በመቀመጫህ በኩል። እጁ ባዶ ቦታ ካገኘ የሚለጠጠውን ገመድ ያጥብቀው። እጁ እየተጨነቀ ከገባ ያላላው። ልኩ ሁለቱም ጨርቆች እጁን ሳያስጨንቁ ሲነኩት ነው። ብቻህን ከሆንክ ለ15 ደቂቃ ያህል ዝም ብለህ ተኛ። አንድ ቦታ ለይቶ ከበረደህ ክፍተቱ እዚያ ጋ ነው። በሁለቱ ጫፎች ያለውን መሳቢያ ገመድም አትርሳ፤ ክፍት ከተተወ ነፋስ በራስጌ ገብቶ በግርጌ ይወጣል። አጭሩ ዓይነት ከትከሻ እስከ ጉልበት ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ ለእግርህ የስፖንጅ ቁራጭ ጨምር።

እኔም በዚህ አጥብቄ አምናለሁ። በልኩ የተገጠመ ርካሽ ሲንተቲክ፣ ላልቶ ከተንጠለጠለ ውድ ላባ ይበልጣል። ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት እነዚያን 15 ደቂቃዎች ቢያወጣ ስንቱ ሌሊት በሰላም ባለፈ።

18ኛው የነፋሱን ነገር አነሳ። ሸራው ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ከዝናብ ያድናል እንጂ ከነፋስ አያድንም። ዝቅ አድርገህ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ጎኑን እስከ መሬት አውርደህ ቸንክረው አለ። ከሌላው በኩል ግን ትንሽ ይከፈት፤ ካልተከፈተ የትንፋሽህ እርጥበት ሸራው ላይ ተጠራቅሞ ይንጠባጠብብሃል።

19ኛው ቦታ ስለመምረጥ ጻፈ። ሰው የዋሽንግተንን አየር ትንበያ አይቶ ተራራ ይወጣል። ሸናንዶዋ ላይኛው ክፍል ከስሩ ካለው ሸለቆ በ10 ዲግሪ ፋራናይት ገደማ ይቀዘቅዛል። ነፋስ በሌለበት ሌሊት ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል። ስለዚህ ጫፉም፣ ወንዝ ዳሩም አይሁን፤ ከሸንተረሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ ከነፋስ የተከለለ ቦታ ፈልግ አለ። ይኸው ሰው ስለ ዛፍም አስጠነቀቀ። ኤመራልድ አሽ ቦረር የሚባል አረንጓዴ ጥንዚዛ አለ፤ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ2002 ሚሺጋን ነው። ሸናንዶዋም ደርሶ አሽ የሚባለውን ዛፍ በብዛት አድርቆታል። ዛፎቹ ቆመዋል፣ ግን ሞተዋል። በብርድ ወራት የአብዛኛው ዛፍ ቅጠል ስለሚረግፍ የሞተውን ከደኅናው መለየት ያስቸግራል። ቅርፊቱ እየተላጠ ከሆነ፣ ስሩ የነቀዘ ብናኝ ካለ፣ ከራስህ በላይ የተሰበረ ቅርንጫፍ ካየህ ሀሞክህን ሌላ ቦታ ውሰድ። ማሰሪያው ሰፊ ጠፍር ይሁን እንጂ ቅርፊት የሚቆርጥ ቀጭን ገመድ አይሁን።

20ኛዋ ስለ ምግብ መጣች። ሆድ ባዶ ከሆነ ምንም ብታነጥፍ አትሞቅም፤ ከመተኛትህ በፊት ጭኮ ብላ አለች። ገብስና ቅቤ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ ይነድልሃል። ውሃ አፍልተህ ክዳኑ የማያፈስ ጠንካራ ኮዳ ውስጥ ጨምር፣ ካልሲ አልብሰው፣ በጭኖችህ መሃል አስቀምጠው። ትልልቁ የደም ሥር በዚያ ስለሚያልፍ ሙቀቱ ለመላው ገላ ይዳረሳል። ሽንትህን ይዘህ አትተኛ፤ ቀን ያላበህበትን ልብስ ሳትቀይርም አትግባ።

21ኛው ጭኮውን ወዶት ስለ ድብ አሳሰበ። ሸናንዶዋ ጥቁር ድብ አለ፣ ኅዳር ላይ ደግሞ ገና ጉድጓዱ አልገባም። የቅቤ ሽታ ከሩቅ ይጠራዋል። በልተህ የተረፈውን ሀሞኩ ውስጥ ይዘህ አትግባ፤ ርቀህ ብላ፣ ድብ በማይከፍተው ዕቃ አስቀምጥ አለ።

22ኛው ወሬውን ወደ አገር ቤት ወሰደው፤ ስሜን ተራራ ላይ በሀሞክ ማደር ይቻላል ወይ አለ። 23ኛው እዚያ አስጎብኚ የነበረ ነው። ሳንቃበር አካባቢ አስታ የሚባለው ዛፍ አለ። ጨነቅ የሚባለው ሰፈር ግን 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ አብዛኛው ገላጣ ሣር ነው። የሚታየው ጅብራ ዛፍ ይመስላል እንጂ ግንዱ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ ሰው አይሸከምም። አንድ ጊዜ አብቦ የሚሞት ተክል ስለሆነ ገመድ ማሰር ነውርም ነው አለ። እዚያ ድንኳንና ጥሩ ምንጣፍ ይዘህ ሂድ ብሎ ጨረሰ። ልክ ነው፤ ሀሞክ ዛፍ ላለበት አገር ነው።

በ24ኛው ጠያቂው ተመለሰ። ያገለገለ ሲንተቲክ አንደርኩልት በርካሽ አግኝቷል፣ ለእግሩ ስፖንጅ ቆርጧል። መጀመሪያ የሚሞክረው ግን የዘመዱ ቤት ጓሮ ነው፤ ካልሆነለት ወደ ቤት ይገባል። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። 25ኛው ላይ ያ ነጋዴ የተባለው ልጅ፣ አንድ ቅዳሜ መጥቼ አሰቃቀሉን ላሳይህ ብሎ ቀጠሮ ያዘለት።

26ኛዋ የ6 ዓመት ልጇን በታኅሣሥ ሀሞክ ላይ ማስተኛት ትችል እንደሆነ ጠየቀች። እስካሁን ማንም አልመለሰላትም፣ ስለዚህ እኔ ልመልስ። እህቴ፣ አታድርጊው። የልጅ ገላ ከክብደቱ አንጻር ለብርድ የሚጋለጠው ቆዳ ከአዋቂ ይበልጣል፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ሌሊት ተገላብጦ ከስሩ የተነጠፈውን ቢያሸሸው በረደኝ ብሎ አይነግርሽም፣ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። ድንኳን ውስጥ አር ቫልዩው ከ4 የማያንስ ምንጣፍ ላይ፣ ከጎንሽ አስተኚው። ሀሞኩን ቀን ቀን ይጫወትበት፤ ማደሩ ግንቦት ላይ ይድረስ።